አገዳው ገና አልተመጠጠም፦ ሃሪ ፖተርን ደግሞ ማንበብን ለተቸው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄ ስላንተ ነው» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ስሜ የለበትም እንጂ እውነቱን ነው። ጸሐፊው የሚተርቡት ሰው ቁርጥ እኔን ነው፦ ጢም ካወጣ በኋላ የሃሪ ፖተርን (ሆግዋርትስ በሚባል የአስማት ትምህርት ቤት የሚማረውን ልጅ ታሪክ) ሰባት መጻሕፍት ደግሞ ደጋግሞ የሚያነብ፣ በእርሳስ የሚያሰምር፣ ያገኘውን «ፍንጭ» ጠየቁትም አልጠየቁትም ለሰው ሁሉ የሚያወራ።

የጽሑፉ ክስ ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ፍንጭ የሚባሉት ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ኋላ ላይ የቀጣጠለቻቸው ወይም አንባቢ በጉጉቱ የፈጠራቸው ናቸው። ሁለተኛ፣ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ የተመጠጠ አገዳ ነው፤ ደግሞ ማኘክ ትርፉ መንጋጋ ማድከም ነው። ሦስተኛ፣ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ስሕተቶች ደራሲዋ ምንም እንዳላቀደች ይመሰክራሉ። አራተኛ፣ ፊልሙን ያየ ሰው የቀረበት ነገር የለም። አምስተኛ፣ ይህን ሁሉ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መጥራት ቅኔን ማርከስ ነው።

አምስተኛው ላይ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ፣ እደርስበታለሁ። በቀሩት ላይ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። መጻሕፍቱን ያላነበበና ሊያነብ የሚያስብ ሰው ካለ እዚህ ላይ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ከዚህ በኋላ የምደብቀው ምስጢር የለም።

ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ በምሳሌነት ያነሡት የሃሪን የክርስትና አባት፣ የሲሪየስ ብላክን ሞተር ሳይክል ነው። በአንደኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ምዕራፍ ላይ የትምህርት ቤቱ ግቢ ጠባቂ ሃግሪድ ሕፃኑን ሃሪን ታቅፎ በሚበር ሞተር ሳይክል ይመጣል፤ ከየት አመጣኸው ሲባልም ከወጣቱ ሲሪየስ ብላክ እንደተዋሰው ይናገራል። ያ መጽሐፍ የወጣው በ1997 ነው። ሲሪየስ የታሪኩ እምብርት ሆኖ የሚመጣው ደግሞ በ1999 በወጣው በሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው፣ ደራሲዋ ያኔ ባፏ የመጣላትን ስም ጣል አድርጋ፣ ሰው ሲቸግራት ተመልሳ አነሣችው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። አንድ ስም አንድ ጊዜ መጠራቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በዚህኛው አልከራከርም። ነገር ግን ከማስረጃው ሁሉ ቀጭኑን መርጦ ሰብሮ «ይኸው ተሰበረ» ማለት ሙግት አይደለም። ወፈር ወፈር ያለውን እናምጣው።

ባለፈው ክረምት የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት ከርማ ነበር። ማታ ማታ ሁለተኛውን መጽሐፍ እሷ በእንግሊዝኛው ታነባለች፣ የከበዳትን እኔ በአማርኛ እፈታላታለሁ። ምዕራፍ አምስት ላይ የሃሪ ጓደኛ የሮን ዊዝሊ ቤተሰብ ልጆቹን ለንደን ባቡር ጣቢያ ሊያደርስ በአሮጌዋ ፎርድ አንግሊያ ተጠቅጥቆ ይወጣል። ጥቂት እንደሄዱ ጆርጅ የርችት ካርቶኑን ረስቷል፤ ይመለሳሉ። ደግሞ ሲወጡ ፍሬድ መጥረጊያውን ረስቷል፤ ይመለሳሉ። አውራ ጎዳናው ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ትንሿ ጂኒ ማስታወሻ ደብተሬን ረሳሁ ብላ ትጮኻለች። የእህቴ ልጅ ከት ብላ ሳቀች። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄ ነው ያለፍኩት። ሁለት ጊዜ የተመለሰ መኪና ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ የማይስቅ ማን አለ?

መጽሐፉን ከጨረስን ከሳምንት በኋላ ቁርስ ላይ ዳቦዋን ይዛ ቀረች። «አጎቴ» አለችኝ፣ «ያ ደብተር እኮ ነው!»

አዎ፣ ያ ደብተር ነው። ሉሺየስ ማልፎይ መጻሕፍት መደብር ውስጥ ከጂኒ አሮጌ መጽሐፍ ጋር አድርጎ ድስቷ ውስጥ የጨመረው፣ የታሪኩ ክፉ ጠንቋይ የቮልዴሞርት የወጣትነት ትዝታ የተቀመጠበት፣ ልጅቷን ቀስ በቀስ የበላት ደብተር። መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ባትመለስ ኖሮ የዚያ ዓመት መከራ ሁሉ ቤት ይቀር ነበር። ደራሲዋ መርዙን የት እንደደበቀችው እዩልኝ፦ በቀልዱ ሦስተኛ መመለስ ውስጥ። አንባቢ የሚስቅበት ቦታ ላይ ጥርጣሬ የለውም። ይህ ኋላ የተለጠፈ ሊሆን አይችልም፤ ፍንጩም ፍቺውም በዚያው በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስላሉ አንድ ላይ ታትመዋል። ጸሐፊው ስለዚህ ዓይነቱ ምንም አላሉም።

ያው መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የሚከፋ አለ። ሃሪ በድግምት በምድጃ እሳት ሲጓዝ የሚሄድበትን ስም አሳስቶ ጠርቶ ለንደን ውስጥ ቦርጊን ኤንድ በርክስ የሚባል የጥቁር አስማት ዕቃ መሸጫ ውስጥ ይወድቃል። ማልፎይና ልጁ ድሬኮ ሲገቡ ጥግ ካለ ትልቅ ጥቁር ቁም ሳጥን ውስጥ ይደበቅና በስንጥቁ ያያል። ድሬኮ ሱቁን ይዞራል። መጀመሪያ አንድ የደረቀ እጅ ያያል፣ አባቱ እንዲገዛለትም ይጠይቃል። ከዚያ የተረገመ የአንገት ሐብል ያያል፤ ሐብሉ ላይ የተለጠፈው ካርድ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ሰው እንደገደለ ይናገራል። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ይመጣል፣ እጀታውን ሊይዝ እጁን ይዘረጋል። በዚህ ጊዜ አባቱ ጨረስን ይላል፣ ሃሪም ተረፈ። አንባቢም እፎይ ብሎ ያልፋል፤ ዕቃዎቹን ለማስፈራሪያ የተደረደሩ ጌጦች አድርጎ ይረሳቸዋል።

በ2005 በወጣው በስድስተኛው መጽሐፍ ድሬኮ ሦስቱንም ይጠቀምባቸዋል። ሐብሉ አንዲት ተማሪ ሊገድል ለጥቂት ይቀራል። የደረቀው እጅ በጨለማ መንገድ ያበራለታል። ቁም ሳጥኑ ደግሞ ጥንድ ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ ሱቁ ውስጥ፣ አንዱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ በአንዱ የገባ በሌላው ይወጣል፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ዳምብልዶር የሞቱበት ሌሊት ገዳዮቹ ወደ ሆግዋርትስ የገቡት በዚያ ነው። ትምህርት ቤት ያለውን ጥንዱን ደግሞ በዚያው በሁለተኛው መጽሐፍ፣ ሃሪን ከቅጣት ለማዳን ሲባል አንድ መንፈስ ከፎቅ ጥሎ ሰብሮታል። በአምስተኛው መጽሐፍ የዊዝሊ መንትዮች አንድ ተማሪ ጎትተው ይከቱበታል። ሰባት ዓመት ሙሉ በየመጽሐፉ ጥግ ቆሞ የኖረ ዕቃ ነው።

ጸሐፊው ይህንንም «ደራሲዋ በ2005 የድሮ መጽሐፏን ገልጣ ያገኘችውን ሰበሰበች» ሊሉ ይችላሉ። ይበሉ። ለእኔ ፍንጭ ማለት መጽሐፉ ራሱ የሚከፍለው ዕዳ ነው። የተበደረችበት ቀን አስባበት ይሁን ሳታስብ፣ በኋላ ከነወለዱ ከከፈለች አበዳሪው ምን ቸገረው? አናጢም ቢሆን ከመስኮቱ የተረፈችውን ጣውላ በሩ ላይ በልኩ ከገጠማት ማንም «ለበር አልተቆረጠችም» ብሎ አይከስሰውም።

ግን የእርስዎ ነጥብ ጊዜው ላይ ስለሆነ በጊዜ ልመልስልዎ። በ2003 በወጣው በአምስተኛው መጽሐፍ፣ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ ልጆቹ የሲሪየስን የአባቶች ቤት ሲያጸዱ ከመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ብዙ ኮተት ያወጣሉ። ከኮተቱ መካከል ማንም ሊከፍተው ያልቻለ ከባድ፣ ክዳን ያለው የአንገት ጌጥ አለ። ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ከዚያ ይታለፋል። በዚያው ምዕራፍ ሲሪየስ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዘር ሐረግ እያሳየ ሬጉለስ ስለሚባል ወንድሙ ያወራል፤ የቮልዴሞርት ተከታይ ሆኖ፣ ኋላ ፈርቶ ሊወጣ ሲል የተገደለ። በሐምሌ 2005 በወጣው ስድስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ዳምብልዶርና ሃሪ በመከራ ያመጡት የአንገት ጌጥ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ውስጡም እውነተኛውን የሰረቀው ሰው የተወው ወረቀት አለ፣ የተፈረመውም «አር. ኤ. ቢ.» ተብሎ ነው። (በእኛ ፊደል ር.አ.ብ. ብንለው ረሃብ ይመስል ነበር።) መልሱ፣ ያ ሰው ሬጉለስ ብላክ መሆኑ፣ የታተመው በሐምሌ 2007 ነው። በመካከል ባሉት ሁለት ዓመታት አንባቢዎች ወደ 2003ቱ መጽሐፍ ተመልሰው የማይከፈተውን ጌጥና ሬጉለስ ብላክን አግኝተው ነበር። ፍንጩ ኋላ የተፈጠረ ከሆነ ሰው ከመፍቻው በፊት እንዴት ፈታው?

የትርጉም መጻሕፍቱ ነገርማ ከዚህም ይጥማል። በሆላንድኛው ትርጉም የብላክ ቤተሰብ ስም «ዝዋርትስ» ነው፤ በፊንላንድኛው «ሙስታ»፣ በኖርዌይኛው «ስቫርት»፤ ሁሉም ከ«ጥቁር» የወጡ። ስለዚህ የወረቀቱ ፊርማ በሆላንድኛው አር. ኤ. ዜድ.፣ በፊንላንድኛው አር. ኤ. ኤም.፣ በኖርዌይኛው አር. ኤ. ኤስ. ሆኖ ወጣ። የሦስቱን ፊርማዎች የመጨረሻ ፊደል ከቤተሰቡ ስም ጋር ያስተያየ አንባቢ ሰባተኛው መጽሐፍ ሳይወጣ ምስጢሩን እጁ አስገባ። እኔ እንደ ተርጓሚዎች የማዝንለት ሰው የለም፤ ቢጠብቁት ስሕተት፣ ቢለውጡት ምስጢር ማውጣት።

አላን ሪክማንም አለ። በ2016 ያረፈው ይህ ተዋናይ በፊልሞቹ የመድኃኒት ቅመማ መምህሩን ስኔይፕን ሆኖ ሲሠራ የኖረ ነው፤ በ2011 ከገጸ ባሕርይው ሲሰናበት በጻፈው ደብዳቤ፣ ገና ሦስት መጻሕፍት ብቻ በወጡበት ጊዜ ደራሲዋ በስልክ አንዲት ትንሽ ፍንጭ እንደሰጠችውና ስኔይፕ ከጥቁር ካባው ያለፈ ነገር እንዳለው ያወቀው በዚያ እንደሆነ ተናግሯል። የአምስተኛው ፊልም ሠሪዎችም ክሪቸር የሚባለውን የቤት አገልጋይ ሊያስቀሩት ሲሉ፣ ኋላ ይቸግራችኋል ብላ ያስተወቻቸው ራሷ ናት። ያንን ጌጥ ማን እንደደበቀው ያነበበ ሰው ምክንያቱን ያውቃል።

ሁሉም ከመጀመሪያ ቀን የታቀደ ነው የሚል አድናቂ ካለ ግን እኔም አልተባበረውም። አባት ዊዝሊ በአምስተኛው መጽሐፍ ሊሞቱ ታስበው ነበር፤ ደራሲዋ አላስችላት ብሎ እንደማረቻቸው ራሷ ተናግራለች። ዕቅድ ነበር፣ ተለውጧል። ሁለቱም እውነት ነው።

አንባቢ ከልኩ አልፎ ይፈታል ለሚለው ክስ ጸሐፊው ያመጡት ምሳሌ የአስፎዴል ጉዳይ ነው፣ እዚህ ላይ ጥሩ መርጠዋል። ስኔይፕ በመጀመሪያው የመድኃኒት ቅመማ ክፍለ ጊዜ ሃሪን ብድግ አድርጎ፣ የአስፎዴል ሥር ዱቄት በዎርምውድ ውስጥ ቢጨመር ምን ይሆናል ብሎ ያፋጥጠዋል። (ዎርምውድ የእኛው የአሪቲ ወገን ነው።) አንዳንድ አንባቢዎች በድሮ እንግሊዞች የአበባ ቋንቋ ፈትተው፣ ይህ «በሊሊ ሞት መሪር ኀዘን ላይ ነኝ» ማለት ነው ይላሉ፤ ሊሊ የሃሪ እናት ናት፣ ስኔይፕ ያፈቀራት። ጸሐፊው ይህ ከመጽሐፉ ውጭ በመጣ መዝገበ ቃላት የተፈታ ነው ብለው ይስቃሉ። ልክ ናቸው። መጽሐፉ ይህን ዕዳ አልከፈለም፤ እኔም ከፍንጭ አልቆጥረውም።

ነገር ግን ጸሐፊው እዚያው ገጽ ላይ እግራቸው ሥር ያለውን ረግጠውት አለፉ። ስኔይፕ ያን ቀን የጠየቀው ሦስት ጥያቄ ነው። ሃሪ አንዱንም አልመለሰም። ሁለተኛው ቤዞር የት ይገኛል የሚል ነበር፤ ከፍየል ሆድ የሚወጣ ድንጋይ ነው፣ መርዝ ያረክሳል። ሦስተኛው መንክስሁድና ዎልፍስቤን ልዩነታቸው ምንድን ነው የሚል፤ አንድ ዕፅ ናቸው። በሦስተኛው መጽሐፍ ያው ስኔይፕ በዚያ ዕፅ ስም የሚጠራውን መድኃኒት እየቀመመ የጅብ ያህል የሚያስፈራ ተኩላ ለሚሆነው መምህር ለሉፒን ይሰጣል። በስድስተኛው መጽሐፍ ሮን መርዝ ጠጥቶ ሲወድቅ ሃሪ ጉሮሮው ውስጥ ቤዞር ይከትና ያድነዋል። አስፎዴልና ዎርምውድ የሚሠሩት የእንቅልፍ መድኃኒት ደግሞ በዚያው በስድስተኛው ዓመት ለክፍሉ ሁሉ በውድድር ይቀርባል፣ ሃሪም ያሸንፋል። በምን አሸነፈ? አንድ የማይታወቅ ተማሪ ዳር ዳሩን ጽፎ ባቆሸሸው አሮጌ መማሪያ መጽሐፍ። ቤዞሩንም ያስታወሰው ከዚያው መጽሐፍ ዳር በተጻፈ ነው። ያ ተማሪ ስኔይፕ ነበር።

አንድ መምህር በመጀመሪያ ቀን ሕፃን ልጅ ክፍል ፊት አዋርዶ የጠየቀውን፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በገዛ እጅ ጽሑፉ ሳያውቀው መለሰለት። ሦስቱም ጥያቄ ተከፍሏል፣ በመጽሐፉ በራሱ ገንዘብ። የአበባ መዝገበ ቃላት ማን ፈለገ?

የፍየል ነገር ከተነሣ፦ በአራተኛው መጽሐፍ ዳምብልዶር፣ ወንድሜ አበርፎርዝ በፍየል ላይ የማይገባ ድግምት ደግሞ ተከሶ ነበር ብለው ያልፋሉ። በአምስተኛው ልጆቹ ፍየል ፍየል ወደሚል መጠጥ ቤት ይገባሉ፤ የባለ ቤቱ ፊት ሃሪን የሆነ ሰው ያስታውሰዋል፣ ማን እንደሆነ ግን አይመጣለትም። በሰባተኛው ይመጣለታል። ይኸው ነው፣ ሐተታ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ አገዳው። መጨረሻው ከታወቀ ጣዕሙ አለቀ የሚለው ክርክር በአማርኛ ሲጻፍ ትንሽ ይገርማል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ርዕሱ ላይ መቃብር ብሎ መጨረሻውን ነግሮን ነው የጀመረው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ነው ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ጥሎ የተቀመጠ? «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» የሚል ሕፃንስ ያንኑ የትናንቱን ካልደገማችሁልኝ ብሎ አይደል የሚያለቅሰው?

ግን በምሳሌ አላመልጥም፤ መጽሐፉን ልክፈት። አንደኛው መጽሐፍ ምዕራፍ ስድስት፣ ባቡር ውስጥ። የአሥራ አንድ ዓመቱ ሃሪ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓደኛ ያገኘበት ክፍል ነው። ሮን አንድ ያረጀ አይጥ ከኪሱ ያወጣል፣ ከወንድሙ የወረሰው ነው፣ ተኝቶ ከመዋል በቀር ሥራ የለውም። በድግምት ቢጫ ሊያደርገው ይሞክራል፣ አልሆነም። ሃሪ ቸኮሌት ይገዛል፣ ከቸኮሌቱ ጋር የሚመጣ ካርድ ይደርሰዋል፦ የዳምብልዶር ሥዕል፣ ከጀርባውም በ1945 ክፉውን ጠንቋይ ግሪንደልዋልድን ማሸነፋቸውና ከኒኮላስ ፍላሜል ጋር መሥራታቸው ተጽፏል። ልጆቹ ከረሜላ ይበላሉ። መጀመሪያ ሲነበብ ከጽሑፉ ሁሉ ደስታ የሞላበት፣ ምንም የማይሆንበት ምዕራፍ ነው።

ሰባተኛውን ከጨረሱ በኋላ ተመልሰው ይግቡ። ያ አይጥ ሰው ነው፤ ፒተር ፔትግሩ፣ የሃሪን እናትና አባት ለገዳይ አሳልፎ የሰጠ። ወላጅ አልባ ያደረገው ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ኬክ ሲያካፍል እሱ የልጁ ጓደኛ ጭን ላይ ተኝቷል። ካርዱ ላይ ካሉት ሁለት ስሞች አንዱ፣ ፍላሜል፣ የአንደኛው መጽሐፍ ቁልፍ ነው። ሌላው፣ ግሪንደልዋልድ፣ የሰባተኛው። በአንድ ጠባብ የባቡር ክፍል ውስጥ ከረሜላ ከሚበሉ ሁለት ሕፃናት ጋር ስንት ነገር ተሳፍሯል! እኔ መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ሁለተኛ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ይህ የተመጠጠ ከሆነ ያልተመጠጠው ምን ዓይነት ነው?

ደግሞም ጸሐፊው አንድ ነገር አላስተዋሉም። ሃሪና ጓደኞቹ ፍላሜል ማን እንደሆነ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት ሲያገላብጡ ይከርማሉ፣ አያገኙም። መጨረሻ ላይ የክፍል ጓደኛቸው ኔቪል ቸኮሌት በልቶ ካርዱን ለሃሪ ይሰጠዋል፤ ያው የዳምብልዶር ካርድ ነው። ሃሪ ጀርባውን ያነባል፣ ክው ይላል። ባቡር ውስጥ አንብቦት ነበር። ልጁ ምስጢሩን የፈታው አንድ ጊዜ ያነበበውን ደግሞ በማንበቡ ነው፤ የሚነቅፉን በዚሁ ነው።

ስሕተቶቹን አልክድም። በአራተኛው መጽሐፍ የቮልዴሞርት በትር የገደላቸውን ሰዎች ከኋላ ወደ ፊት ሲያወጣ፣ መጨረሻ የሞተችው የሃሪ እናት ቀድማ መውጣት ሲገባት በመጀመሪያዎቹ ኅትመቶች አባትየው ቀደመ፤ ኋላ ታርሟል። ፍሊንት የሚባለው ተጫዋች በአንደኛው መጽሐፍ የስድስተኛ ዓመት ተማሪ ተብሎ፣ ትምህርቱ ሰባት ዓመት በሆነበት አገር በሦስተኛው መጽሐፍም ሜዳ ላይ አለ። ወድቆ ደገመ ብለን እንለፈው። ግን የሚሳሳት ሰው አያቅድም የሚለው ድምዳሜ ከየት መጣ? ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፕላን እያለ ነው ደረጃው የሚጣመመው።

እንዲያውም ስሕተት መስሎ ፍንጭ የሚሆን አለ። ፕሮፌሰር ክዊረል ቮልዴሞርትን ጥምጥሙ ሥር ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ዓመቱን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው። መጨረሻ ላይ ሃሪን ሲነካ ቆዳው ይቃጠላል። ታዲያ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጠጥ ቤት ሲተዋወቁ የሃሪን እጅ ጨብጦ ምንም አልሆነም። «ይኸው ስሕተት» ብዬ እኔም አስምሬበት ነበር። ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳነብ ክዊረል ራሱ ይናገራል፦ ጌታው በቅርብ ሊጠብቀው የወሰነው የአስማተኞቹን ባንክ ሰብሮ የማይሞት የሚያደርገውን የፍላሜልን ድንጋይ ሳያገኝ ከተመለሰ በኋላ ነው። ባንኩ የተሰበረው ደግሞ ሃሪ በተጨበጠበት ቀን ነው። እጅ ሲጨባበጡ ማጅራቱ ላይ ገና ማንም አልነበረም። ጥምጥሙ የሚታየው ከዚያ በኋላ፣ የትምህርት መክፈቻ ግብዣ ላይ ነው፤ ያኔ ቮልዴሞርት የተወለት የሃሪ ጠባሳ ይጠዘጥዛል፣ እሱም ስኔይፕ ስላየኝ ነው ብሎ ያስባል። የፈረንጆቹ ገና ሲደርስ በረዶ ይጥላል፣ የዊዝሊ መንትዮች የበረዶ ድብልብል በድግምት እየላኩ ከክዊረል ጥምጥም ጀርባ ላይ ያነጥራሉ፣ ይቀጣሉም። ለአንድ ዓረፍተ ነገር ያህል የተነገረ ቀልድ ነው። ሁለተኛ የሚያነብ ሰው ግን ሁለት ጎረምሶች የዘመኑን አስፈሪ ጠንቋይ ፊቱን በበረዶ ሲነርቱት ያያል። እኔ አሁንም ስደርስበት እስቃለሁ፣ በሌላ ሳቅ።

ይህ ለአራተኛውም ነጥብ ይበቃል። ፊልሙ ላይ ሃሪ እጁን ሲዘረጋ ክዊረል አይጨብጠውም። ሠሪዎቹ «ስሕተቱን» አረሙት፣ ፍንጩም አብሮ ታረመ። ፊልሞቹን እወዳለሁ፤ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ማንም ሊከፍተው ላልቻለ ኮተት ጊዜ የለም።

ሰምና ወርቅን በተመለከተ፣ ቅኔ ቤት ያልዋልኩ ሰው ስለሆንኩ በእግሬ ጫፍ ልግባ። ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አለ። በሰምና ወርቅ ኅብረ ቃሉ እዚያው ስንኙ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ፍቺዎች ባንድ አፍ ይነገራሉ፣ ጆሮ ያለው እዚያው ይቀበላል። የማይከፈተው ጌጥ እንዲህ አይደለም፤ በ2003 የቱንም ያህል ሊቅ ቢያነበው ወርቁን ማውጣት አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም ወርቁ ገና አልተነገረም። ስለዚህ አድናቂዎች «ሰምና ወርቅ ነው» ሲሉ እኔም ፊቴን አጨማድዳለሁ። ቅኔን ማርከስ ነው እስከማለት ግን አልሄድም። ቅኔም ቢሆን አንድ መንገድ ብቻ የለውም፤ ውስጠ ወይራ አለ፣ ላዩ ሙሉ ሆኖ የሚቆም፣ ወርቁ ውስጥ የተሸሸገ፣ የነገሩን ሁኔታ ላላወቀ ሰው ምንም የጎደለው የማይመስል። የጂኒ ደብተር ለዚያ ይቀርባል። ዝምድና አለ ማለት እኩል ናቸው ማለት አይደለም፤ የቅኔ መምህራን ካልተቀበሉትም የእነሱ ቃል ይጽና።

የእህቴ ልጅ አሁን አምስተኛው መጽሐፍ ላይ ናት። ቅዳሜ መጥታ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ስታነብ፣ ሲሪየስ ቤት ጽዳት ላይ ደርሳ ነበር። የሙዚቃ ሳጥኑን አነበበች፣ የድሮ ማኅተሞቹን አነበበች፣ ማንም ሊከፍተው ያልቻለውን ከባድ የአንገት ጌጥ አነበበች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ገጹን ገለጠች። እኔ ቡናዬን ፉት እያልኩ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።